በሩ ላይ የሚታሰር ገመድ፦ ከኮምቦልቻ አንድ የእንስሳት መጠለያ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

አንድ ሐሙስ ንጋት ላይ የግቢው በር ሲከፈት ሦስት አህዮች በአንድ ገመድ ታስረው ተገኙ። አንዷ መቆም አቅቷት ተንበርክካለች። ያመጣቸው ሰው የለም። በዚያን ቀን ግቢው ውስጥ 31 እንስሳት ነበሩ። የቀረው ጭድ ለአምስት ቀን እንኳ አይበቃም። በሩን የከፈተው ልጅ ገመዱን እንደያዘ "ምን ላድርጋቸው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በዚህ ግቢ ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ ወደ ሦስት ዓመት አገልግያለሁ። እንዲህ ዓይነት መጠለያ ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች ከደሴም ከሐይቅ ከተማም መጥተው ጎብኝተውናል። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ መድኃኒት ነው። የትኛው ቅባት ለቁስል ይሻላል፣ የትሉ ኪኒን ከየት ይገኛል ይሉኛል። እኛን ሊጥለን የነበረው ግን የመድኃኒት እጥረት አልነበረም። እምቢ ማለት አለመቻላችን ነው። ይህን ጉዳይ በዝርዝር ማስቀመጥ የፈለግሁት ለዚያ ነው።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ቦታውንም ከከተማዋ ዳር ነው ከማለት አልፌ አልናገርም። አድራሻው በታወቀ ቁጥር በሩ ላይ የሚታሰረው ገመድ ይበዛል።

አጀማመሩ

ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ኮምቦልቻ ትገኛለች። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ስላላት ለጋሪ ትመቻለች። እህሉ፣ ብሎኬቱ፣ ሲሚንቶው፣ ውሃው ለዘመናት በጋሪና በአህያ ጀርባ ሲመላለስ ኖሯል። ከዚያ ባጃጅ መጣ። ሰው ወደ ባጃጅ ሲዞር የጋሪ ፈረሱ ወደ ዕቃ ጭነት ወረደ። ዕቃውንም ባለሦስት እግሩ ሲወስድበት ፈረሱ ሥራ ፈታ።

በእኛ አገር የጋማ ከብት አይበላም። ያረጀ በሬ ቢያንስ ሥጋ አለው፤ ገዢ ያገኛል። ያረጀ ፈረስ ወይም ጀርባው የተላጠ አህያ ግን የሚገዛው የለም። ባለቤቱ ቀልቦ ማኖር አይችልም፤ መግደልም አይሆንለትም። ስለዚህ አስፋልት ዳር ለቅቆት ይሄዳል። ቀን መኪና ይገጨዋል፤ ማታ ጅብ ይደርስበታል። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" የምንለው ተረት እዚህ በዓይናችን የምናየው ነገር ነው።

የግቢው ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ግቢው ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ብሎኬት የሚያመርቱበት ሰፊ ቦታ ነው። ጦርነቱ በጥቅምት መጨረሻ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እትዬም እንደ ብዙው ሰው ቤታቸውን ዘግተው ሸሹ። ህዳር አልቆ ሲመለሱ የግቢው አጥር ወድቋል። ውስጥ የእሳቸው ያልሆኑ ሁለት አህዮችና አንዲት ከነቡችሎቿ የተኛች ውሻ አገኙ። ጎረቤት "ያስወጧቸው እንጂ" ሲላቸው "እኔም ሰው ቤት ተጠልዬ ነው የከረምኩት፤ መጥቶ የተጠለለን አላስወጣም" አሉ። መጠለያው የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

ባለቤት ፍለጋ ብዙ ተጠየቀ። የመጣ የለም። ከአህዮቹ አንዷ ጀርባ ላይ መዳፌን የሚያህል ቁስል ነበር። ቁስሉን እንድመለከት እኔ ተጠራሁ። ሌላም ሰው መጣ፤ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ፣ በኋላ ፈረሳቸውን ሸጠው ቤት የዋሉ አዛውንት። ጋሼ እንላቸዋለን። የፈረስ ነገር ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። አንድ የሰፈር ልጅም ለቀለብና ለትንሽ ደሞዝ ተቀጠረ። ገንዘቡ የሚመጣው ከሁለት የኪራይ ክፍሎችና ጂዳ ካለች የእትዬ ልጅ ነበር። ሌላ ረጂ አልነበረንም።

በፍቅር የተሠራ ስህተት

የመጀመሪያው ጥፋታችን ከደግነት የመጣ ነው። የከሳ እንስሳ ሲያዩ እጅ ወደ ፉርሽካ ይሮጣል። እትዬ ለአህዮቹ ጠዋትና ማታ ፉርሽካ በውሃ እያሹ ይሰጡ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ቶሎ እንዲጠግቡ ፈልጌ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንዷ አህያ መራመድ ጠላች። ክብደቷን ወደ ኋላ እግሮቿ ጥላ፣ የፊቶቹን ወደፊት ዘርግታ ትቆማለች። ጎንበስ ብዬ የፊት ሰኮናዋን በመዳፌ ያዝኩት። ቡና የተቀዳበት ስኒ የያዝኩ መሰለኝ። ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ተቆጥቶ ነበር። በፈረስና በአህያ ላይ ይህ ከሚመጣባቸው ዋና መንገዶች አንዱ እህልና ፉርሽካ ሲበዛ ነው።

አህያ የደረቅ አገር ፍጥረት ናት። ሆዷ የተሠራው ለጭድና ለሻካራ ሣር ነው። በቀን የምትፈልገው ደረቅ መኖ ከክብደቷ 1.3 እስከ 1.8 በመቶ ቢሆን ነው። 150 ኪሎ የምትመዝን አህያ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ በማይሞላ ጭድ ትውላለች ማለት ነው። የተራበ እንስሳ ደግሞ ሆዱ ስለሰነፈ ከየትኛውም ምግብ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በግቢው ግን ርኅራኄ ትምህርቴን አስረሳኝ። ፉርሽካውን አቆምን፤ የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ ብቻ አደረግን። ሰኮናዋን በቀዝቃዛ ውሃ እየነከርን፣ የሕመም ማስታገሻ እየሰጠን ከአንድ ወር በላይ አስታመምናት። ዳነች። አረማመዷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ቁጥሩ ሲያድግ

ወሬ በቡና ላይ ይሄዳል። "እትዬ የተጣለ ይቀበላሉ" ተባለ። መጀመሪያ የመጡት እያለቀሱ ነው። ሽንኩርት የሚያመላልስ ወጣት እግሯ የተሰበረ አህያውን በጋሪ ጭኖ አመጣ። "እትዬ፣ ለነፍስዎ ይሁንልዎ" እያሉ የሚለምኑም ነበሩ። ከዚያ የሚለምነው ቀርቶ ማታ አስሮ የሚሄደው በዛ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከሦስት ተነስተን 31 ደረስን፤ 17 አህያ፣ 6 ፈረስ፣ አንድ በቅሎና 7 ውሻ።

ከውጭ ላየው የሚያስደስት ነበር። ግቢው ሙሉ ነው፣ ሁሉም ይበላል። ውስጡን ለሚያውቅ ግን ሦስት ነገር እየተበላሸ ነበር።

አንደኛው መኖ ነው። ጭድ ከአጨዳ በኋላ በታህሣሥና በጥር ይረክሳል። ክረምት ሲገባ ዋጋው ይሰቀላል፤ ነሐሴ ላይ ገንዘብ ይዘህም አታገኝም። እኛ ደግሞ በየሳምንቱ ነበር የምንገዛው። ስለዚህ በጣም ውድ በሆነ ጊዜ በጣም ብዙ አፍ ነበረን። ደካሞቹ ከጠንካሮቹ ጋር ሲሻሙ የሚበሉት አያገኙም። አንዲት ጥርሷ ያለቀ አሮጊት አህያ ከመኖው መካከል ቆማ ስትከሳ የኖረችው ለዚህ ነው። ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሁለተኛው ቢቺ ነው። ይህ የፈረስ በሽታ በእንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃታማ ወይና ደጋ የጋሪ ፈረሶችን በጣም ይጎዳል። ከፈንገስ የሚመጣ ነው። በእግርና በደረት ላይ ተርታውን እብጠት ይሠራል፤ እብጠቱ ይፈርጥና መግል ያወጣል። በዝንብ፣ በቁስልና በጋራ ዕቃ ከፈረስ ፈረስ ይሄዳል። አንድ ማታ የታሰረ ፈረስ ይህን ይዞ መጣ። ቦታ ስላልነበረን ከሌሎቹ ጋር አሰርነው። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ደህና ፈረሶች ያዛቸው። ገና ሲጀምር ቁስሉን በቲንክቸር አዮዲን እያጠቡ፣ ፖታሲየም አዮዳይድ እየሰጡ ማዳን ይቻላል፤ ወራት ግን ይፈጃል። ሁለቱን አዳንን። የመጀመሪያው እብጠቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ስለነበር በመርፌ እንዲያርፍ አደረግን። ጋሼ ጭንቅላቱን ይዘውት ነበር። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። እነዚያ ሁለት ፈረሶች ጎዳና ላይ ቢቀሩ ኖሮ ይህ በሽታ ላይዛቸው ይችል ነበር። ያሳመምናቸው እኛ ነን።

ሦስተኛው የሰፈሩ ልብ ነው። ጅብ አጥሩን ይዞር ጀመር። ውሾቹ ሌሊት ይጮሃሉ። ከዚህ የከፋው ግን ወሬው ነበር። "አህያ የሚሰበስቡት ቆዳውን ለቻይና ሊሸጡ ነው" ተባለ። ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። ቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 በሕዝብ ቅሬታ የተዘጋው ሰው ሁሉ እያወቀው ነው። የአህያ ቆዳ ንግድ አፍሪካን አዳርሶ ስለነበር የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳ ብሎ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወስነዋል። ይህ ውሳኔ የመጣው ግን ከእኛ መከራ በኋላ ነው። በጊዜው የነበረን መልስ "አንሸጥም" የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ውሻው የነከሰ ቀን

ነገሩን ያፈጠነው አንድ ውሻ ነው። በሩ ላይ በሲባጎ ታስሮ ተገኘ። ልጁ ሊፈታው ሲል እጁን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። ልጁም "ምንም አይደለም" ብሎ ሊያልፈው ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ልጁን ቧንቧ ሥር አስቁመን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብነው። ሰዓት ይዤ ነው የቆጠርኩት፤ 15 ደቂቃ ስትቆም ረጅም ነው። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ጀመረ። አንድ ጎረቤት መድኃኒት አዋቂ ጋ ይሂድ ብለው ነበር፤ ከልባቸው ነው ያሉት። እትዬ "ዱዓውም ጸሎቱም ከመርፌው በኋላ" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ውሻውን ለብቻው ዘግተን ክትትል ጀመርን። የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደህና ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይኸኛው አሥር ቀን አልቆየም። በሁለተኛው ቀን አገጩ ወደቀ፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ውሃ ወደ አፉ ቢያስጠጋም መዋጥ አቃተው። በአራተኛው ቀን ሞተ። ልጁ ክትባቱን ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ ዛሬም ደህና ነው፤ በሩን የሚከፍተው እሱው ነው።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድ በር ከፍተን ለመጣ ሁሉ ስንቀበል፣ የ19 ዓመት ልጅ እጅ በሩ ላይ አስቀምጠን ነበር።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ቁጥር መወሰን ከሁሉም ከባዱ ነበር። ስብሰባው ቡና ላይ ነው የተደረገው። እትዬ "ልጄ፣ በሬን ዘግቼ ለጅብ ልስጣቸው ነው የምትለኝ?" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። እኔ ስለ መኖ ሒሳብ ማውራት ጀመርኩ፤ አልሰሙኝም። ያዳነን የጋሼ ንግግር ነው። "እህቴ፣ እኔ 30 ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ። ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚወድቀው ፈረሱ ብቻ አይደለም። ጭነቱም ይወድቃል" አሉ። እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ስንት ነው ታዲያ?" ብለው ጠየቁ።

መልሱን ያገኘነው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የመኖ ማስቀመጫው ነው። መጋዘኑ የሚይዘው ጭድ ከሰኔ እስከ ህዳር ስንት አፍ ያሻግራል? ሌላው እጅ ነው። እያንዳንዱን የጋማ ከብት በቀን አንድ ጊዜ ቀርቦ፣ ጀርባውን ዳስሶ፣ አራቱንም እግር አንስቶ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ማኖር አይባልም፤ ማጎር ነው። ሁለቱንም ስናሰላ 16 የጋማ ከብትና 5 ውሻ መጣ። ቁጥሩ በኖራ በሩ ላይ ተጻፈ። ማንም ሳይባረር፣ በሞትና አደራ በመስጠት ቀስ እያለ ወደዚያ እስኪወርድ ስምንት ወር ፈጀ።

ጭዱን በጥር እንግዛ አልን። ለዚህ እትዬ አንድ የኪራይ ክፍል ለስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ አከራዩ። የዚያ ዓመት ነሐሴ የመጀመሪያው ያልተጨነቅንበት ነሐሴ ነው።

አዲስ የሚገባ ሁሉ ለሦስት ሳምንት በብሎኬት የተከለለ ጥግ ለብቻው ይቆያል። የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ገመድ አለው። ልጁ እሱን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ ይወጣል። ውሾቹ በየዓመቱ የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳሉ። ለሰፈሩ ውሾችም ባለሙያዎች መጥተው እንዲከትቡ አደረግን። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመት እንደሚያቆም ይታወቃል፤ የእኛን አምስት ብቻ መከተብ ግቢውንም ሰፈሩንም አያድንም።

ለወሬው መልስ ያገኘነው በሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር፣ በቅሬ በኩል ነው። የወሎ ሰው ቅሬን ያውቃል፤ ለቅሶም ደስታም ዳኝነትም እዚያ ነው የሚያልቀው። የቅሬው ዳኛና ሌሎች ሽማግሌዎች ግቢውን እንዲያዩ ጠራናቸው። መዝገቡን ዘረጋንላቸው፤ የገባበት ቀን፣ መልኩ፣ ቁስሉ፣ የሞተበት ቀን። መቃብሩንም አሳየናቸው። ሬሳውን ጅብ እንዳያወጣው ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ይጠልቃል፤ ላዩ ላይ ድንጋይና እሾህ አለበት። አንድ ሽማግሌ ጉድጓዱን አይተው "የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ የተማረለት ነው የሚባለው፤ አብሽሪ" አሏቸው እትዬን። ከዚያ ቀን በኋላ የቆዳውን ወሬ ጆሮዬ አልሰማውም።

ዳውላውን መምታት

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከግቢው ውጭ ነው። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" እንላለን፤ ጥፋተኛውን ትቶ ሌላውን ለሚመታ ሰው። በእኛ ጉዳይ ግን መመታት የነበረበት ዳውላው ነበር። መዝገቡን ሳገላብጥ ከገቡት አህዮች አብዛኞቹ ቁስላቸው አንድ ቦታ ነው፤ ትከሻቸው መካከል ያለው አጥንት ላይ። ይህ የክፋት ምልክት አይደለም። የጭነት አጫጫን ምልክት ነው።

አንድ ማክሰኞ ጋሼ አንድ ባለአህያ በር ላይ አስቁመው ጭነቱን አወረዱት። ከጀርባዋ ላይ ያለው አንድ የታጠፈ ማዳበሪያ ብቻ ነው። ማዳበሪያ ላስቲክ ነው፤ ላብ አይመጥም፤ ፀጉሩን እየፋቀ ያቃጥላል። ክብደቱ ሁሉ አከርካሪዋ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ሁለት አሮጌ ጆንያዎችን በጭድ ጠቅጥቀው እንደ ሁለት ቋሊማ ጠቀለሏቸው። አንዱን ከአከርካሪው ግራ፣ አንዱን ከቀኝ አድርገው መካከላቸውን ክፍት ተዉት። ከሥሩ አሮጌ የጋቢ ቁራጭ አነጠፉ። "እጅህን አስገባ" አሉት ሰውየውን። ጭነቱ ተመልሶ ሲወጣ እጁ በአከርካሪውና በጭነቱ መካከል እንደልቡ ያልፋል። ሰውየው እጁን ሦስት ጊዜ አስገብቶ አወጣ። "ይኼ ብቻ ነው?" አለ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ በሩ ላይ እንዲህ ዋልን። ቁስል እናጥባለን፣ ሰኮና እንሞርዳለን፣ ጭነት እናስተካክላለን። ገንዘብ አንቀበልም፤ ባለአህያው ጆንያና ጭድ ይዞ ይመጣል። የቆሰለች አህያ ካለች ጨርሳ እስክትድን አትጫንም ብለን እንጠይቃለን። እሺ የማይል አለ። ለእነዚያ ጭነቱን ከቁስሉ ወደ ኋላ የሚያርቅ አጠቃጠፍ እናሳያቸዋለን። ልብ የሚሞላ ነገር አይደለም። የዕለት እንጀራው በእሷ ጀርባ ላይ ላለ ሰው "አርፋ ትቀመጥ" ብሎ መፍረድ ግን አልቻልኩም።

ያልሠራው

ሁሉም አልተሳካም። አንድ ጊዜ ልጁ በጣም የተጎዳች አህያ ከባለቤቷ ጋር ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ብዙ ሰው ሰደበ፣ አጋራው። ሰውየው አህያዋን ደበቃት። የከፋው ደግሞ ሌሎቹ ባለአህያዎች ለሁለት ወር ማክሰኞ አልመጡም። በሩ የመዋረጃ ቦታ መሰላቸው። ፎቶው ተነሳ፤ ጋሼ ሰውየው ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

የዳኑትን በነጻ መስጠትም አልሠራም። ጀርባዋን በአራት ወር ያዳንናት አንዲት ቡላ አህያ ለአንድ ገበሬ ተሰጠች። ከሰባት ወር በኋላ በዚያው ቦታ በዚያው ቁስል ተመልሳ በሩ ላይ ታሰረች። የራሴን ስፌት ጠባሳ ነው ያየሁት። አሁን የምንሰጠው በአደራ ነው፤ ባለቤቷ ግቢው ነው፣ ተረካቢው በሁለት ሽማግሌ ፊት ይቀበላል፣ በየሦስት ወሩ ያሳያል። ወረቀት አለው። የሚይዘው ግን ወረቀቱ አይደለም፤ አደራ የሚለው ቃል ነው።

ለብቻ መስጠትም ስህተት ነው። መጀመሪያ ከነበሩት ሁለት አህዮች አንዷ ስትሞት ሬሳዋን ቶሎ አነሳነው። ሌላዋ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ቀን መኖ አልነካችም። ይህ የኀዘን ነገር ብቻ አይደለም። አህያ መብላት ስታቆም የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ይለቀቅና ጉበቷን ይመታል፤ ቀናት ውስጥ ትሞታለች። ልጁ አረንጓዴ ቅጠል በእጁ እያጎረሰ፣ ሌላ አህያ አጠገቧ አስረን ነው ያተረፍናት። ከዚያ ወዲህ አንዷ ስትሞት ጓደኛዋ አሽትታት እስክትተዋት ድረስ ሬሳውን አናነሳም። ስንሰጥም ተላምደው የኖሩትን ሁለቱን አንድ ላይ ነው።

ለሚጀምሩ ሰዎች

ከደሴና ከሐይቅ ለመጡት የነገርኳቸው ይህን ነው። መጀመሪያ የጭድ መጋዘኑን ሥሩ፤ የእንስሳቱን ቁጥር የሚወስነው እሱ ይሁን። የመጀመሪያው እንስሳ ሳይገባ ለብቻ የሚቆምበትን ጥግ ከልሉ፤ በኋላ ቦታ አይገኝም። መዝገብ ያዙ፤ ከወሬ የሚያድነው እሱ ነው፤ ጥፋቱ የት እንደሆነ የሚያሳየውም እሱ ነው። ውሻ የሚነካ ሰው ሁሉ ሳሙናና ውሃ የት እንዳለ፣ ክትባት የት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወቅ። ባለአህያውን እንደ ጠላት አትዩት። እንስሳዋ ከግቢያችሁ ይልቅ በእሱ እጅ ብዙ ዓመት ትኖራለች። በጥሩ አያያዝ አህያ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ መኖር ትችላለች፤ እነዚያን ዓመታት ሁሉ የሚሸከም መጠለያ የለም።

እምቢ ስትሉም እምቢ ብቻ አትበሉ። የሚሰጥ ነገር ይኑራችሁ፤ ምክር ይሁን፣ የቁስል መድኃኒት ይሁን፣ ጭድ የተጠቀጠቀ ጆንያ ይሁን።

በቅርቡ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ጀርባዋ የተላጠ አህያ እየጎተተ መጣ። ቀን ነው የመጣው፤ ይህ ራሱ ለውጥ ነው። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ሙሉ ነበር። ልጁ "ቦታ የለንም" አለው። ወጣቱ ገመዱን መሬት ላይ ሊጥል ዝቅ አለ። እትዬ ከውስጥ ወጥተው "ቆይ የኔ ልጅ፣ ጭነትህን አሳየኝ" አሉት። ጋሼ ጆንያ አመጡ። እኔ ቁስሉን አጠብኩ። ወጣቱ መጀመሪያ ቆሞ ይመለከት ነበር፤ በኋላ ተንበርክኮ ጭዱን ራሱ ይጠቀጥቅ ጀመር። ሲመሽ አህያዋን ባዶ ጀርባዋን እየነዳ ሄደ፤ ጆንያዎቹን የተሸከመው እሱ ነው።

ማክሰኞ መጥቶ አሳየን። ቁስሉ ዙሪያውን መቅላት ጀምሯል፤ ከጠርዙ አዲስ ቆዳ ይዟል።